በአፋቸው የምንዳኛቸው ሰዎች

(የዓለም ፍልሰተኞች ቀንን ምክንያት በማድረግ ደሴ ላይ በተደረገ ስብሰባ ያቀረብኩት ንግግር ነው። ብዙዎቻችሁ በጽሑፍ ስለጠየቃችሁኝ እንዳለ አስቀምጬዋለሁ። የነካካሁት በጣም ጥቂት ነው።)

አሰላሙ ዓለይኩም! ጤና ይስጥልን! እንደምን ዋላችሁ?

ኧረ ሞቅ አድርጉት! የጦሳ ተራራ ብርድ ድምፃችሁን ወሰደው እንዴ? እንደምን ዋላችሁ? እሺ፣ አሁን ሆነ።

የተከበራችሁ አባቶችና እናቶች፣ ወንድሞቼና እህቶቼ፣ በተለይ ከኮምቦልቻ የሐረጎን ዳገት ወጥታችሁ የመጣችሁ ተማሪዎቼ፣ አላህ ያክብርልኝ፣ እግዚአብሔር ያክብርልኝ። ዛሬ ታኅሣሥ 9 ነው። የተባበሩት መንግሥታት የፍልሰተኛ ሠራተኞችንና የቤተሰቦቻቸውን መብት የሚመለከተውን ስምምነት ያጸደቀው እ.ኤ.አ. በ1990 በዚህ ቀን ነበር። ስለዚህ ቀኑ የኛ ነው። የወሎ ነው። ለምን እንደዚያ እንዳልኩ አሁን ታያላችሁ።

እስቲ ዓረብ አገር እህት፣ ልጅ፣ ወንድም፣ የጎረቤት ልጅ ያላችሁ እጃችሁን አውጡ።

ተመልከቱ! ዙሩና ከኋላችሁ ያለውን እዩ። ያልወጣ እጅ አለ? የለም።

እንግዲህ የምናወራው ስለ ልጆቻችን ነው። ሦስት ነገር እላለሁ። አንደኛ፣ ሰው ባዕድ አገር ሲገባ ከመልኩም ከሥራውም በፊት አነጋገሩ እንዴት እንደሚያስፈርድበት። ሁለተኛ፣ ይህ ነገር በመንግሥትና በመንጋ እጅ ሲገባ ምን እንደሚሆን። ሦስተኛ፣ እኛ እዚህ፣ ደሴና ኮምቦልቻ ላይ፣ ወደኛ የሚመጣውን ሰው እንዴት እንደምንሰማው። ሦስተኛው ላይ እቆያለሁ፤ ታገሱኝ።

ወደ መጀመሪያው ልግባ።

እኔ ጂዳ ብዙ ዓመት ሰው ቤት ሠርቻለሁ። ስሄድ ቁርኣን ቀርቻለሁ። ግን ቁርኣን መቅራት ሌላ፣ ለማዳም «የወጥ ቤቱ ቧንቧ ያንጠባጥባል» ማለት ሌላ ነው። አንዱ ለሌላው አይሆንም። እዚያ የሠራችሁ ታውቁታላችሁ፤ ማዳሞቹ ከሠራተኛ ጋር የሚያወሩት ዓረብኛ እርስ በርሳቸው የሚያወሩት ዓረብኛ አይደለም። «ጂብ ሞያ!» ነው። «ሩህ!» ነው። «ማፊ!» ነው። ውሃ አምጣ፣ ሂድ፣ የለም። ለሴቷም እንደ ወንድ ነው የሚያወሯት። ግሡ የለ፣ አያያዡ የለ። ልጅቷ ከሰማችው በላይ ከየት ታመጣለች? የሰማችውን ትይዛለች። ከዚያ በዚያችው በያዘቻት ስትመልስ «ይቺ ልጅ ጭንቅላቷ አይሠራም» ይላሉ።

ልብ በሉ! ቋንቋውን ሰባብረው የሰጧት እነሱ ናቸው። ተሰባብሮ ተመልሶ ሲመጣ ግን ጥፋቱ የሷ ሆነ።

አንድ ልጅ ነበረች፣ የዚሁ የወሎ ልጅ። አሥራ ሁለተኛ ክፍል የጨረሰች። ተረበኛ ናት! አማርኛ ስታወራ ሆዳችንን ይዘን ነው የምንስቀው። አንድ ቀን ሆዷን ክፉኛ ታመመችና ክሊኒክ ይዘናት ሄድን። ሐኪሙ ጠየቃት። እጇን በጎኗ በኩል አድርጋ፣ በቀኝ በኩል፣ ከታች፣ በያዘቻት ዓረብኛ ልታስረዳው ሞከረች። ቃል ጠፋት። ትንሽ ቆመች። ሐኪሙ አልጠበቃትም። ፊቱን ወደ ሹፌሩ አዞረና «ምን ሆና ነው?» አለው። ሹፌሩ ምን ያውቃል? «ከምግብ ይሆናል» አለ። ሐኪሙም የሹፌሩን ቃል ካርዱ ላይ ጻፈ። የሷ ሆድ፣ የሹፌሩ ቃል! ኪኒን ተሰጥቷት ተመለሰች። በሦስተኛው ቀን ሌሊት ትርፍ አንጀቷ ተብሎ ቀዶ ሕክምና ገባች። አልሐምዱሊላህ፣ ተርፋለች።

ያ ሐኪም ክፉ ሰው ነበር? እኔ እንደዚያ አላምንም። ቸኩሏል። ደግሞ ቃል የጠፋው ሰው ሐሳብም የጠፋው ይመስለናል። ይህ የዓረቡ ብቻ ችግር አይደለም፤ የሰው ጆሮ ችግር ነው።

ይህን የምለው ከራሴ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2010 የቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች፣ ሺሪ ሌቭ አሪ እና ቦአዝ ካይሳር፣ አንድ ጥናት አወጡ። ለሰዎች አጫጭር ዓረፍተ ነገሮች አሰሙ። ለምሳሌ «ቀጭኔ ከግመል የበለጠ ጊዜ ያለ ውሃ ይቆያል» የሚል። እውነት ነው ወይስ ውሸት? ብለው ጠየቁ። አንዳንዱን ዓረፍተ ነገር ያነበበው እንግሊዝኛ የአፍ መፍቻው የሆነ ሰው ነው። ሌላውን ያነበበው የሌላ አገር ሰው ነው፤ ዘዬው ያስታውቃል። አድማጮቹ ዘዬ ካለው ሰው የሰሙትን ያነሰ አመኑት። አንባቢው የተሰጠውን ወረቀት ብቻ እንደሚያነብ ተነግሯቸዋል እኮ! ሐሳቡ የሱ እንዳልሆነ ያውቃሉ። ቢሆንም አላመኑትም። ጥናቱ ስለምን እንደሆነ ሲነገራቸው ደግሞ ዘዬው ቀለል ላለው ፍርዳቸውን አስተካከሉ። ዘዬው ከበድ ላለው ግን ማስተካከል አልቻሉም።

ምን ማለት ነው ይሄ? ጆሯችን ለመስማት ሲደክመው ድካሙን ተናጋሪው ላይ እንለጥፈዋለን ማለት ነው። «አልገባኝም» ማለት ሲገባን «አላመንኩትም» እንላለን። ሳናውቀው ነው የምናደርገው።

ቋንቋ ስንት ያህል ክብደት እንደሚሰጠው ደግሞ ስሙ። ፒው የተባለው የአሜሪካ የጥናት ማዕከል እ.ኤ.አ. በ2016 በ14 አገሮች ሕዝቡን ጠየቀ። አንድን ሰው እውነተኛ የአገራችን ሰው የሚያሰኘው ምንድን ነው? ሆላንድ ውስጥ 84 በመቶው ቋንቋችንን መናገሩ በጣም አስፈላጊ ነው አሉ። አሜሪካ ውስጥ 70 በመቶው። እዚያው አገር መወለዱ በጣም አስፈላጊ ነው ያሉት አሜሪካውያን ግን 32 በመቶ ብቻ ናቸው። እንግዲህ አስቡት፣ ከትውልድ ቦታ በላይ ቋንቋ! በአንድ በኩል ደግ ነገር ነው፤ ቋንቋን መማር ይቻላል፣ ዳግም መወለድ ግን አይቻልም። በሌላ በኩል ደግሞ «ተናገረ» የሚባለው እስከየት ድረስ ሲናገር ነው? ማን ነው የሚለካው?

እዚህ ላይ አንድ የሚያስደስተኝን ልንገራችሁ። ዳንኤል ሆፕኪንስ የሚባል አሜሪካዊ የፖለቲካ ሳይንስ ምሁር የስደተኛ ቪዲዮ ለሰዎች አሳየ። አንዳንዱ ያየው ስደተኛው እንግሊዝኛውን ቀጥ አድርጎ ሲናገር ነው። ሌላው ያየው ዘዬው እየተሰማ፣ እየጣረ ሲናገር ነው። ለስደተኞች ዜግነት ይሰጣቸው ለሚለው ሐሳብ የበለጠ ልቡን የከፈተው የትኛው ይመስላችኋል? ዘዬ ያለውን የሰማው! ለምን? ጥረቱን ሰማዋ። ይህ ሰው ወደኛ ሊመጣ እየደከመ ነው አለ። አያችሁ፣ ያው ዘዬ አንዴ ያስጠረጥራል፣ አንዴ ደግሞ አንጀት ይበላል። ልዩነቱ ያለው ከሰሚው ዘንድ ነው። ይህን ነጥብ ያዙልኝ፣ እመለስበታለሁ።

ሁለተኛው ነጥብ ላይ ብዙ አልቆይም፤ ነገሩ መራራ ነው።

አውስትራሊያ እ.ኤ.አ. በ1901 አንድ ሕግ አወጣች። የጉምሩክ ሹም ያልፈለገውን መንገደኛ የቃል ጽሕፈት ይፈትነዋል። 50 ቃል፣ በአውሮፓ ቋንቋ። በየትኛው? ሹሙ በመረጠው! ነጭ ያልሆነውን ሰው «ቀለምህን ጠልተን ነው» ሳይሉ ለመመለስ የተዘጋጀ ዘዴ ነው። እ.ኤ.አ. በ1934 ኤጎን ኪሽ የሚባል የፕራግ ተወላጅ ጸሐፊ በመርከብ ደረሰ። ፋሺዝምን የሚቃወም ሰው ነው፤ መንግሥቱ አልፈለገውም። አትወርድም ሲሉት ከመርከቡ ዘለለና እግሩ ተሰበረ። ብዙ ቋንቋ ያውቃል። በየትኛው ይጣሉት? በስኮትላንድ ጌሊክ ፈተኑት! ስኮትላንድ ውስጥ ራሱ ጥቂት ሰው ብቻ በሚናገረው። ጉዳዩ ፍርድ ቤት ደረሰ፤ ፈተናው ውድቅ ሆነ። ሕጉ ግን እስከ 1958 ቆየ።

ይህ በወረቀት ነው። በመንገድ ላይ ሲሆንስ?

መጽሐፍ ቅዱስ የምታነቡ መጽሐፈ መሳፍንት ምዕራፍ 12ን ታስታውሳላችሁ። የዮርዳኖስ መሻገሪያ ላይ ሰውን አንዲት ቃል እያስባሉ፣ ያልቀናለትን ያርዱት ነበር። 42 ሺህ ሰው ይላል። የድሮ ታሪክ ነው እንል ነበር። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2008 ጆሃንስበርግ፣ አሌክሳንድራ ሰፈር ውስጥ የውጭ ዜጋ ይውጣ የሚል መንጋ ተነሳ። ከዚያ ወደ ሌላ ከተማ ተዛመተ። መንጋው ሰውን መንገድ ላይ እያስቆመ «ክርን በዙሉ ምን ይባላል?» እያለ ይጠይቅ ነበር። ያላወቀ ተደበደበ። 62 ሰው ሞተ። ከነሱ ውስጥ ግን 21ዱ የገዛ ደቡብ አፍሪካ ዜጎች ነበሩ።

ደግሜ ልበለው። 21ዱ ዜጎች ነበሩ! ሰውን በአፉ መዳኘት የጀመረ ሰው የት እንደሚቆም አያውቅም። ስደተኛን ፍለጋ ወጥቶ ወንድሙን ይዞ ይገባል። ደቡብ አፍሪካ የኛም ልጆች ሱቅ ከፍተው የሚሠሩበት አገር ነው፤ ያን ጊዜ ስንቱ የወሎ ቤት ስልክ ይዞ ሲጨነቅ እንዳደረ እናንተው ታውቃላችሁ።

እሺ። አሁን ወደ ቤታችን እንምጣ። ሦስተኛው ነጥብ።

ከጥቂት ጊዜ በፊት ደሴ መናኸሪያ፣ ወደ ኮምቦልቻ የሚወርድ ሚኒባስ ውስጥ ተቀምጫለሁ። አንድ የአፋር አባት መጣ። ትንሽ ልጅ በትከሻው ተሸክሟል። ልጁ አሞታል፤ ዓይኑ ፈዟል። ሰውየው በእጁ የሐኪም ወረቀት ይዟል። «ኮምቦልቻ… መድኃኒት… መኪና ቁም?» አለ። ረዳቱ ድምፁን እንደሱ አድርጎ መለሰለት። «ኮምቦልቻ መኪና ቁም!» ተሳፋሪው ሳቀ። ሰውየው ግራ ገባው፤ ደግሞ ሞከረ። ደግሞ ተሳቀ።

ከኋላ ወንበር አንዲት እናት ነበሩ። የባቲ ነጋዴ ናቸው። በአፋርኛ አናገሩት። ወላሂ፣ የሰውየው ፊት ሲፈታ ባያችሁት! በአንድ ትንፋሽ ብዙ ነገር ነገራቸው። እማማ ለረዳቱ አስረዱት። መድኃኒቱ ደሴ ጠፍቷል፤ ኮምቦልቻ አንድ ፋርማሲ እንዳለ ተነግሮታል፤ ከመናኸሪያው በፊት ነው፤ እዚያ ጋ ቢያወርዱት ለሁለት መኪና አይከፍልም፤ ብሩ ለባቲ መሳፈሪያ ይበቃዋል። አስቦበታል እኮ! ሁሉን አስልቶ ነው የመጣው። እኛ የሰማነው ግን ሦስት የተቆራረጠ ቃል ነው። በዚያ ሦስት ቃል ሰውየውን መዝነን ጨረስን።

ያ ሰው ስደተኛ ነው? የገዛ አገሩ ሰው ነው። ባቲ ማዶ ነው ቤቱ። ለዚያች ሰዓት ግን አነጋገሩ ላገሩ ባዳ፣ ለሰው እንግዳ አደረገው።

ወጣቶች፣ ተረብ ነው ምን አለበት አትበሉኝ። ተረብ የምወድ ሰው ነኝ፤ ወሎ ያለ ጨዋታ አይሆንም። ግን ጨዋታ የሚሆነው ያኛውም መልስ መስጠት ሲችል ነው። መልስ የሌለው ሰው ላይ መሳቅ ጨዋታ አይደለም።

አሁን ደግሞ ወደኛ የሚመጣው ሰው እየበዛ ነው። የኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ በ2009 ዓ.ም. ከተመረቀ ወዲህ የውጭ ሰውም፣ ከሌላ ክልል የመጣ ሠራተኛም አይተናል። ከወለጋ ተፈናቅለው የመጡ ቤተሰቦች አሉ፤ ልጆቻቸው ኦሮምኛ አጥርተው የሚናገሩ ናቸው። በ2006 ዓ.ም. ከሳውዲ ከ160 ሺህ በላይ ወገን በጥቂት ወራት ውስጥ ሲመለስ ወሎ ምን ያህሉን እንደተቀበለች የማያስታውስ የለም። ከዚያ ወዲህም መመለሱ አልቆመም። ከተመላሾቹ ጋር ደግሞ የማናስታውሳቸው አሉ፤ እዚያ የተወለዱ ልጆች።

ሰፈሬ ውስጥ አንድ እንደዚህ ያለ ልጅ አለ። ሪያድ ነው የተወለደው። አማርኛን ከእናቱ ብቻ ነው የሰማው። ስለዚህ ሲናገር እንደ እናቱ፣ እንደ ትልቅ ሴት ነው የሚናገረው። «ውይ በሞትኩት!» ይላል፣ ስምንት ዓመቱ ነው። ልጆቹ «ዓረቡ» አሉት። ዓረብ አገር እናቱን «ሐበሻዋ» ሲሏት ኖረው፣ እዚህ ልጇ «ዓረቡ» ሆነ! ክፍል ውስጥ ስሙ ሲጠራ ይነሳል፤ አይናገርም። ይቀመጣል። ሳምንታት እንዲህ አለፉ። እናቱ «ዲዳ ሆነብኝ» እያለች ቤቴ መጥታ አለቀሰች።

መምህርቱ ምን አደረገች መሰላችሁ? ልዩ ሥልጠና የላትም፤ ክፍሉም ጢም ያለ ነው። አንድ ቀን የዓረብኛ ቁጥር ሰሌዳው ላይ እንዲጽፍ ጠየቀችው። ጻፈ። «በሉ» አለችና ክፍሉ በሙሉ ከሱ ኋላ እየደገመ ቆጠረ። ግማሹ አንደበቱ አልታጠፍ አለው! ከዚያ ቀን ወዲያ የቂርኣት ቤት ልጆች «ይቺን እንዴት ነው የምትላት?» እያሉ ደብተር ይዘው ይመጡበት ጀመር። እሱም እነሱ ጋር ኳስ ሜዳ ወጣ። አሁን አማርኛው እንዴት ነው ብትሉኝ፣ ጎል አልገባም ብሎ ሲከራከር መስማት ነው። ማንም አይችለውም።

ቅድም ያዙልኝ ያልኳችሁን አሁን ልመለስበት። ልዩነቱ ከሰሚው ዘንድ ነው ብዬ ነበር። ያቺ መምህርት የልጁን አማርኛ አልጠገነችም። የክፍሉን ጆሮ ነው ያረቀችው።

ጊዜ ራሱ የሚሠራው ሥራም አለ። ራያን ኢኖስ የሚባል የሃርቫርድ ምሁር ቦስተን አካባቢ ነጮች በሚበዙባቸው ባቡር ጣቢያዎች ስፓኒሽ የሚናገሩ ሰዎች ሁለት ሁለት ሆነው በየማለዳው እንዲቆሙ አደረገ። ሌላ ምንም አያደርጉም። ቆመው ባቡር ይጠብቃሉ፤ ያወራሉ፤ ይሳፈራሉ። ከሦስት ቀን በኋላ መንገደኞቹን ሲጠይቃቸው ስደተኛ ይቀነስ የሚለው ስሜታቸው በርትቷል። ሁለት ሰው ብቻ ቆሞ! ከአሥር ቀን በኋላ ግን ለዘብ ብሏል። ቆመው የነበሩት ልጆች እንደተናገሩት መንገደኞቹ በኋላ ፈገግ ይሉላቸው፣ ሰላምም ይሏቸው ጀምረዋል። ጥናቱ የታተመው እ.ኤ.አ. በ2014 ነው።

እኔ ይህን ሳነብ ባቲ ነው ትዝ ያለኝ። የባቲ ሰኞ ገበያ ስንት ዘመኑ ነው? አፋሩ ግመሉን፣ ኦሮሞው እህሉን፣ አማራው ሸማውን ይዞ በየሰኞው ይገናኛል። ነጋዴው በሦስት ቋንቋ ይከራከራል፣ በሦስት ቋንቋ ይምላል፣ በሦስት ቋንቋ ይታረቃል። ማንም ኮርስ አልሰጠውም። እማማ ሚኒባሱ ውስጥ ያወጡት አፋርኛ ከዚያ የመጣ ነው። እንግዲህ ይህ ዕውቀት ከኮምቦልቻ በ40 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቀት ላይ ተቀምጦ እያለ እኛ መናኸሪያ ላይ በሰው አነጋገር እንስቃለን?

የሐበሻን ሂጅራ ታሪክ የማያውቅ እዚህ የለም። የነቢዩ ባልደረቦች በሰባተኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ላይ ባሕር ተሻግረው ሲመጡ ያሳደዷቸው የመካ ቁረይሾች ስጦታ ይዘው ተከትለዋቸው መጡ። የሐበሻውን ንጉሥ ነጃሺን ሳትሰማቸው አሳልፈህ ስጠን ነው ያሉት። ነጃሺ ግን መጀመሪያ ይናገሩ አለ። ከስደተኞቹ መሃል ጃዕፈር ቆሞ ተናገረ፤ ከሱረቱ መርየምም ቀራለት። ነጃሺ አለቀሰ ይባላል። በባዕድ ቋንቋ የመጣን ሰው እህ ብሎ ሰማ። ስሙ እስከዛሬ በዓለም የሚጠራው በዚያ ነው። በነጃሺ የምንኮራ ከሆነ፣ ደግሞም እንኮራለን፣ የተመሰገነበትን ነገር እንሥራ እንጂ!

እንግዲህ ምን ላድርግ ለምትሉኝ። ቋንቋው ያልሞላለት ሰው ሲያናግራችሁ አትጩኹበት፤ ጆሮው ደህና ነው። ከኋላው ያለውን ሰው አትጠይቁ፣ እሱን ጠይቁ። አማርኛውን ሰባብራችሁ አትንገሩት፤ ቀስ ብላችሁ፣ ግን ሙሉ አማርኛ ስጡት፣ ሙሉ ሆኖ እንዲማረው። ቃል ሲጠፋው ጠብቁት። በተለይ ጤና ጣቢያ፣ ቀበሌ፣ ባንክ መስኮት ላይ ያላችሁ እህቶቼና ወንድሞቼ፣ አደራ! ሰልፉ ረጅም እንደሆነ አውቃለሁ። ግን የዚያች የጂዳ ልጅ ካርድ ላይ የሹፌሩ ቃል የተጻፈው በሰልፍ ምክንያት ነው።

አንድ ነገር ደግሞ ጀምረናል። ኮምቦልቻ ላይ ወደ ዓረብ አገር ለሚሄዱ ልጆች ዓረብኛ ሳስተምር የጎደለኝ አብሯቸው የሚያወራ ሰው ነው። መጽሐፉ አለ፣ ሰው የለም። ከሳውዲ የተመለሳችሁ፣ ዓረብኛ የምትችሉ፣ ቅዳሜ ከሰዓት መጥታችሁ ከልጆቹ ጋር ቡና እየጠጣችሁ አውሩልን። የሹክሹክታውንም፣ የገበያውንም፣ የክሊኒኩንም ዓረብኛ ስጧቸው። «ቀኝ ጎኔን ከታች በኩል ያመኛል» ማለት ሳትችል የምትሄድ ልጅ አትኑር። በዚያው ቀን፣ በዚያው ቤት፣ አማርኛ ለሚማሩትም ሰዓት ከፍተናል። አፋርኛም ኦሮምኛም የምትችሉ እንፈልጋችኋለን።

በሩ ጋ ሁለቱ ተማሪዎቼ ደብተር ይዘው ቆመዋል። ስማችሁንና የምትችሉትን ቋንቋ አስመዝግቡ። አሁን ጥያቄ እቀበላለሁ። እዚያ ከኋላ ነጭ ጋቢ የለበሱት አባቴ ቀድመው እጃቸውን አውጥተዋል፤ ማይኩን አድርሱላቸው።